ፖስት ካርድ የሌላት ከተማ

ምን እንደምንሰበስብ ሰው ሲጠይቀን "ፖስት ካርድ" እንላለን። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ "እና ምን ይሠራላችኋል?" ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ይከበራል። የማርያ ቴሬዛ ብር ያለው ሰው "አትሽጠው፣ ገና ይወደዳል" ይባላል። ፖስት ካርድ የሚሰበስብ ግን ሥራ የፈታ ነው። እንግዲህ እኛ ሥራ ከፈቱት ወገን ነን። ሦስት ነን፤ ሁለታችን የአንበሳሜ ልጆች፣ አንዳችን የወረታ። ሀብታችን ሁሉ አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ያልቃል።

በነገራችን ላይ በኛ አገር "ፖስት ካርድ" ብዙ ጌታ ያለው ቃል ነው። ፎቶ ቤት ገብታችሁ "ፖስት ካርድ ይሁንልኝ" ካላችሁ የፎቶውን መጠን መናገራችሁ ነው፤ ከጉርድ ፎቶ ተለቅ ያለች፣ ከጀርባዋ "ለማስታወሻ" ተብሎ የሚጻፍባት። ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብታችሁ "ፖስት ካርድ አለ?" ካላችሁ ደግሞ ጽጌረዳ የተሣለበት፣ ውስጡ ማናችንም ያልገባን የእንግሊዝኛ ግጥም ያለበት የበዓል ካርድ ይቀርብላችኋል። (በዚያ ባልተነበበ ግጥም ስንት ፍቅር እንደተጀመረ ቤት ይቁጠረው።) ሦስተኛው ቱሪስት የሚገዛው ነው፤ በአንድ ፊቱ የአገር ፎቶ አለ፣ በሌላው ፊቱ አድራሻ ይጻፍበታል፣ ቴምብር ይለጠፍበታል። ካርቶናችን ውስጥ ያለው በአብዛኛው ይኸኛው ነው። አንዳንዱን ገዝተነዋል፤ የበዛውን ግን በነጻ ነው ያገኘነው።

"በነጻ" የምትለዋን ቃል ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

እናላችሁ፣ አንድ ክረምት ላይ ካርቶኑን ገልብጠን ካርዶቹን በየከተማቸው ደረደርናቸው። ጎንደር የፋሲል ግንብን ይዛ መጣች። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን፣ አክሱም ሐውልቷን ይዘው መጡ። ጢስ አባይ ብቻውን ሰባት ካርድ ሆነ። ከኦሞ ሸለቆ ፊታቸውን በነጭ ኖራ የተቀቡ ልጆች መጡ። ከአንበሳሜ ግን አንድም የለም። ከወረታም የለም። ከመላው የፎገራ ሜዳ አንዲት ላም እንኳ አልመጣችም። (ፎገራ በላም ስሟ የታወቀ አገር መሆኗን ልብ በሉልን!)

"ማን ያሳትመዋል?" አለ አንዳችን። ለቀልድ የተጣለ ጥያቄ ነበር፤ እኛ ግን እስካሁን ይዘነዋል።

*

ለማታውቋት፣ አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ሐሙሲት ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥላችሁ፣ የእስቴን መንገድ ይዛችሁ ነው የምትገቡት። በደቡብ በኩል አባይ ደራን ከጎጃም ይለየዋል። በሰሜን በኩል ጉማራና ርብ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ እስከ ጣና ይደርሳል። ወረታ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይወጣል። በደህናው ጊዜ ከባሕር ዳር ላሊበላ የሚሄደው ቱሪስት ሁሉ ወረታ ላይ ይታጠፍ ነበር። ይታጠፋል እንጂ አይወርድም። በመስኮት ፎቶ ያነሣና ያልፋል።

መተላለፊያ ከተማ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ሁሉም ያያታል፣ ማንም አያስታውሳትም። ፖስት ካርድ ደግሞ ሥራው ማስታወስ ነው።

ስለዚህ ማነው ካርድ የሚያሳትመው? ማንን ነው ፎቶ የሚያነሣው? ለምን? ካርቶናችን ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ ስናይ መልሱ ብዙም የሚያስደስት አልነበረም።

ፖስት ካርድ የሚባለው ነገር መጀመሪያ በይፋ የወጣው በኦስትሪያና ሃንጋሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1869። ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሁለት መስመር ለመጻፍ ፖስታ መግዛት፣ ማሸግ፣ ሙሉ የደብዳቤ ዋጋ መክፈል ለምን አስፈለገ? ጠንከር ባለ ወረቀት ጽፈህ፣ ሳታሽግ፣ በርካሽ ላክ። ገመና የሌለው ደብዳቤ ማለት ነው። ፖስተኛው ያነበዋል፣ ጎረቤት ያነበዋል፣ በመጨረሻም ባለቤቱ ያነበዋል። ነጋዴ ይህን ያየ ጊዜ ነው ልቡ የተነሣው፤ ባለቤቱ እጅ እስኪደርስ በየመንገዱ ሁሉም የሚያየው ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

የኛ ፖስታ ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም። አፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከመጀመሪያው ፖስት ካርድ 25 ዓመት ያህል ዘግይቶ። በ1887 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ወጡ። የቀረጻቸው ኤዠን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፣ የታተሙትም ፓሪስ ነው። ሰባት ዓይነት ሲሆኑ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። (የአንበሳሜ ልጆች እንደመሆናችን አንበሳውን ለራሳችን ወስደነዋል።) በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

ፖስታው የኛ ሆነ፤ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ግን የኛ አልነበረም። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያን የሚያሳዩ ካርዶችን ያሳትሙ የነበሩት በአብዛኛው የውጭ አገር ነጋዴዎችና ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ከፎቶው ሥር በፈረንሳይኛ ወይም በሌላ የውጭ ቋንቋ ትንሽ ጽሑፍ አለ፤ "የሐበሻ ሴት"፣ "ጦረኛ"፣ "የገበያ ቀን" ትላለች። ንጉሡ ስም አላቸው፣ መኳንንቱም ስም አላቸው። እንስራ የተሸከመችው ሴት ግን "ሴት" ናት። አንዲት ሰው በመቶ በሚቆጠሩ ካርዶች ታትማ ባሕር ተሻግራ፣ ፓሪስ በአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣ ስሟን የሚያውቅ የለም። ምናልባት እሷም ካርዱን አላየችውም።

ይህ ከብልግናው ሁሉ ቀላሉ ነው። በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ወረራ ጊዜ ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አፍሪካ ለዘመቱት ወታደሮች የካርቱን ፖስት ካርዶች ሣለ። የኛ ሰው በነዚያ ካርዶች ላይ መሳቂያ ነው፤ ሴቱ ዕቃ፣ ወንዱ ተባይ ተደርጎ ተሥሏል። ወታደሩ በአንዱ ፊት "ደህና ነኝ እማዬ" ብሎ ይጽፋል፣ በሌላው ፊት ያ ሥዕል አለ። ካርድ የሚያሻሽጠው ሸቀጥ ብቻ ነው ያለው ማነው? ጦርነትም በካርድ ይሸጣል። ትንሽ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ታስቃለች፣ ከእጅ ወደ እጅ ትሄዳለች። ክፉ ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ፈረስ አያገኝም።

*

ከዚያ ደግሞ ራሳችን ራሳችንን ማሳየት የጀመርንበት ዘመን መጣ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቱሪስት ድርጅቱን ያቋቋሙት ሀብተሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ጸጋ" የምትለዋን መፈክር ይዘው ተነሡ። ጳጉሜን ለማስታወቂያ ያዋለ ሰው ማለት ናቸው! አውሮፓዊው ፀሐይ ሲያጣ፣ እኛ አንድ ወር ጨምረን ፀሐይ አለን አልነው። መፈክሯ በ2008 ዓ.ም. በ"ምድረ ቀደምት" እስክትተካ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሠርታለች። በፖስተርና በካርድ ላይ የወጡት ፎቶዎች የአገር ልጅ ያኮራሉ። እኛም ካርቶናችን ውስጥ በክብር ነው የያዝናቸው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነናል፤ ነገሩም ሰፈራችን ድረስ የሚመጣ ነው።

ካርቶናችን ውስጥ ጢስ አባይ ሰባት ነው ብለናል። በሰባቱም ላይ ውሃው ከዳር እስከ ዳር ገደሉን ሞልቶ፣ ጢሱ ሰማይ ደርሶ ይወርዳል። ዛሬ በሳንቲም በተተካው የ1 ብር ኖት ጀርባም ያው ፏፏቴ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እዚያው አጠገብ ሥራ ጀመረ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጥ ስለነበር ውሃው ከገደሉ ይልቅ ወደ ቦዩ አዘነበለ። ከዚያ በኋላ በበጋ የሄደ ቱሪስት ካርዱን በእጁ ይዞ ገደሉ ፊት ቆሞ፣ አንዴ ካርዱን አንዴ ድንጋዩን ሲያይ ማየት የተለመደ ሆነ። መብራት አያስፈልግም ነበር አንልም፤ በመብራቱ እኛም ተጠቅመናል። ግን ካርዱን የሚሸጡት ልጆች ምን ጥፋት አለባቸው? ቱሪስቱ የሚቆጣው በነሱ ላይ ነው። ካርዱ የገባውን ቃል የሚከፍለው ሁልጊዜ ካርዱን ያሳተመው ሰው አይደለም። በር ላይ የቆመው ነው የሚከፍለው።

ከዚህ የተማርነው አንድ ቁም ነገር ነው፤ ካርድ ቃል ነው። የሌለ ውሃ ካሳየህ የመጣው እንግዳ አይመለስም። የሰውየውን ስም ከነጠቅህ ደግሞ ያገኘኸው ገበያ የሱ ሳይሆን ያንተ ብቻ ነው።

*

አሁን "በነጻ" ወደምትለዋ ቃል እንመለስ።

ነጋዴ ካርድን በነጻ መስጠት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ፓሪስ የሚገኘው ኦ ቦን ማርሼ የተባለው ትልቅ መደብር በ19ኛው መቶ ዓመት ከእናታቸው ጋር ለሚመጡ ልጆች ባለ ቀለም የሥዕል ካርድ ይሰጥ ነበር። ልጁ ካርዱን ለመሙላት እናቱን እየጎተተ ይመለሳል። ሊቢግ የተባለው የሥጋ ጭማቂ ኩባንያም ካርዶቹን በተከታታይ እያወጣ ለደንበኞቹ በነጻ ያድል ነበር፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ድረስ ቀጥሎበታል። የሥጋ ጭማቂው ተበልቶ አልቋል፣ ካርዶቹ ግን እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ አሉ። አየር መንገዶችም የአውሮፕላናቸውን ፎቶ በካርድ አትመው ለተሳፋሪ በነጻ ይሰጡ ነበር። ሆቴሎች መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ ያስቀምጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ካፌዎችና ሲኒማ ቤቶች መግቢያ ላይ የነጻ ካርድ መደርደሪያ ተለመደ። የምትፈልገውን ታነሣለህ፤ ጀርባው ላይ በትንሹ የድርጅቱ ስም አለ፣ የቀረው ባዶ ነው፣ ለእናትህ ጻፍበት።

ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። በራሪ ወረቀት ስትሰጠው ሰው በሁለተኛው እርምጃ ይጥለዋል። ካርድ ስትሰጠው ግን ያመነታል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ጀርባው ባዶ ነው። "ይህን ለእከሌ ብልክለትስ?" ይላል። ያን ጊዜ ደንበኛህ ያለደመወዝ ፖስተኛህ ሆነ ማለት ነው።

"ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" ለምትሉን ግን መልስ አለን። በነጻ ካርድ ገበያ ማግኘትን ከኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም! የእንቁጣጣሽ ዕለት በማለዳ በየከተማው በር የሚያንኳኩትን ወንዶች ልጆች አስቡ። ሴቶቹ አበባየሆሽ ብለው ይዘፍናሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ አበባ፣ መልአክ፣ ወፍ በቀለም የሣሉበትን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። "እንኳን አደረሰዎ" ብሎ ሥዕሉን ይሰጣል እንጂ ዋጋ አይጠራም። ሥዕሉ ነጻ ነው። ግን ማን ነው ተቀብሎ ባዶ እጁን የሚመልሰው? ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ልጁ በስሙ ይታወቃል፣ በዓመቱ ይመለሳል። መጀመሪያ ይሰጣል፣ የሰጠው የእጁ ሥራ ነው፣ ማን እንደሰጠም ይታወቃል። ለዚህ ትምህርት የማርኬቲንግ ምሩቅ መሆን አያስፈልግም፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነው የሚያስተምረው።

የንግድ ቤቶቻችንም ከዚያ ብዙም አልራቁም። በአዲስ ዓመት ባንኩም መድን ድርጅቱም ካላንደር ያድላል። አንበሳሜ ያለ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ካላንደር ከባንክ ካላንደር ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ካላንደር ግን ለትልቅ ድርጅት ነው፤ ለአንድ ትንሽ ሱቅ አይቀመስም። ለትንሽ ሱቅ የሚመጥነው ካርድ ነው።

*

ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ያለው አንድ ወዳጅ አለን። ስሙን አንጽፍም፣ እሱም አይፈልግም። ታሪኩ ግን የብዙ ሰው ታሪክ ነው።

ሩዝ ለዚህ አገር አዲስ ነው። በደርግ ጊዜ ደራ ውስጥ ጅግና፣ ፎገራ ውስጥ ሻጋ በሚባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው የተጀመረው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያመጡት ዝርያ ኤክስ ጅግና እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል። ያን ጊዜ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ለብዙ ሰብል አይመችም ነበር፤ ሩዝ ሲመጣ ያው ውሃ በረከት ሆነ። አሁን ወረታ በመፈልፈያ የተሞላች ከተማ ናት፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። በየቤቱ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ጤፍ በተወደደ ቁጥር የሩዙ ድርሻ ይጨምራል።

ታዲያ የወዳጃችን ችግር ምንድን ነው? ስም። ሩዙ ከወረታ በጆንያ ተጭኖ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ሌላ ጽሑፍ ያለበት ከረጢት ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ያለች ባልትና ሻጭ የማን ሩዝ እንደገዛች አታውቅም። ጥሩ ቢሆን የሚመሰገን፣ ድንጋይ ቢኖርበት የሚወቀስ የለም። ያ ካርድ ላይ ያለችው እንስራ ተሸካሚ ሴት ትዝ አለችን። ሩዙም እንደሷ ነው፤ "ሩዝ" ከመባል በቀር ስም የለውም።

በዚያ ላይ ጊዜው ከፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ቱሪስቱ ቀርቷል። ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ነጋዴ እንደልቡ አዲስ አበባ ሄዶ ደንበኛ አይፈልግም። "ታዲያ እናንተ በዚህ ጊዜ ስለ ካርድ ታወራላችሁ?" ብትሉን፣ አዎ፣ በዚህ ጊዜ ነው የምናወራው። ሰውየው መሄድ ካልቻለ ቢያንስ ስሙ ይሂድለት። ኔትወርክ ሲጠፋ ካርድ አይጠፋም።

ወዳጃችን መጀመሪያ ሳቀብን። "ሰው ሩዝ ይበላል እንጂ ካርድ አይበላም" አለ። ቢሆንም ተስማማ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ አንድ የኤ3 ወረቀት ስምንት ካርድ ይወጣዋል። 300 ግራም የሚባለው ወፍራም ወረቀት፣ አንዱ ፊት ባለ ቀለም፣ ሌላው ፊት ጥቁር ብቻ፣ ማንም ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ይሠራዋል። አሥራ ሁለት ወረቀት አሳተምን። ዘጠና ስድስት ካርድ።

ከባዱ ነገር ፎቶው ነበር። አንዳችን ሜዳው በክረምት ውሃ ሞልቶ ባሕር ሲመስል እናንሣ አለ። ውብ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ላይ ስንቱን ከቤቱ አፈናቅለዋል። ያን ውሃ አስውቦ መሸጥ ከብዶን ተውነው። ሌላው የፎገራ ላም ትሁን አለ። ላሟ ታምራለች፤ ግን የምንሸጠው ወተት አይደለም። ጢስ አባይ ትሁን ያለ ግን ማንም አልነበረም!

በመጨረሻ መፈልፈያው ደጃፍ ላይ ሩዝ በሰፌድ የሚያበጥሩ አንዲት እናት ጋ ሄድን። ሰፌዱ ከፍ ሲል ገለባው በፀሐይ ውስጥ ይበተናል፣ ነጩ ሩዝ ተመልሶ ይወድቃል። ፎቶው ያ ነው።

"እትዬ፣ ፎቶ ልናነሣዎት ነበር፣ ካርድ ላይ ልናትመው" አልናቸው።

"ለማን የሚሰጥ ነው?"

"ለሁሉም። ሩዙን ለሚገዛ። አዲስ አበባም ይሄዳል።"

ሰፌዱን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ትንሽ አሰቡና "እንግዲያ ስሜን ጻፉበት፣ ልጆቼ" አሉ። "ሰው ሲያየኝ ማን ናት ይል የለ?"

ከዚህ በላይ የፖስት ካርድ ታሪክ የጻፈ ሰው አላነበብንም።

ስማቸውን እዚህ አንጽፈውም። ካርዱ ላይ ግን አለ፤ በአማርኛ፣ ከነአባታቸው፣ ከወዳጃችን ስልክ ቁጥር በላይ። ጀርባው ላይ በግራ በኩል ባዶ ቦታ ተውን፣ በቀኝ የአድራሻ መስመር፣ ጥግ ላይ የቴምብር አራት ማዕዘን። አንዳችን "ካርዱን ይዞ ለመጣ ቅናሽ አለው" ብለን እንጻፍ ብሎ ነበር። ተከራከርንና ሐሳቡ ወደቀ። ካርዱን ለቅናሽ የመለሰ ሰው ካርዱን አጣ ማለት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ቤቱ እንዲያስቀምጠው ነው።

ያከፋፈልነው በሁለት መንገድ ነው። ግማሹ እንደ ሊቢግ ከረጢት ውስጥ ገባ፤ በየአምስት ኪሎው አንድ። ግማሹን ሰው ቁጭ ብሎ በሚጠብቅበት ቦታ አስቀመጥነው፤ ፀጉር ቤት፣ የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ፣ ባሕር ዳር ካፌ፣ አዲስ አበባ እንጀራ መሸጫ። ሥራ የፈታ እጅ ካርድ ያነሣል፤ ይህን ከራሳችን እናውቀዋለን።

ወዳጃችን ሀብታም ሆነ ብለን አንዋሽም። የደወለለት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ከደወሉት ግን አንዷ አዲስ አበባ እንጀራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ መጀመሪያ የጠየቀችው የሩዙን ዋጋ አይደለም። "እኚህ ሴትዮ ናቸው የሚያበጥሩት? ድንጋይ የለበትማ!" አለች፤ ከዚያ ነው ዋጋ የጠየቀችው። ስም ያለው ነገር ይታመናል። ዛሬ ቋሚ ደንበኛው ናት።

እናታችን ደግሞ አሥር ካርድ ወሰዱ። አንዷ ልጃቸው ቤይሩት ናት። ወደዚያ የምትሄድ የጎረቤት ልጅ ሻንጣ ውስጥ አንዱን ካርድ አስገቡላት። ጀርባው ላይ የተውነውን ባዶ ቦታ እሳቸው ተናገሩ፣ የልጅ ልጃቸው ጻፈው። ምን እንደተባለ አልጠየቅንም፤ ካርድ ገመና የለውም ብንልም የሰው ደብዳቤ የሰው ነው። ካርዱ ደርሷል። እኛ ከነገጽታ ግንባታ ዕቅዳችን ከአዲስ አበባ አላለፍንም፤ የወረታን ሩዝ ቤይሩት ያደረሱት እሳቸው ናቸው።

*

እንግዲህ ሱቅ ያላችሁ፣ ካፌ ያላችሁ፣ የምትሸምኑ፣ ማር የምትቆርጡ ወዳጆች፣ የምንመክራችሁ ጥቂት ነው። አሥር ወረቀት አሳትሙ። ሰው ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው የሚፈልገውን ፎቶ ምረጡ፤ የሱቃችሁን በር አይደለም። የናንተን ስም በትንሹ፣ ከጀርባ። የሚጻፍበት ቦታ ተዉ። የሌላችሁን ውሃ አታሳዩ። ፎቶው ላይ ሰው ካለ አስፈቅዱት፣ ከፈቀደ ስሙን ጻፉ፣ ካርዱ ሲታተም የመጀመሪያውን ለሱ ስጡት።

ካርቶናችን ውስጥ ከፎገራ ሜዳ አሁን አንድ ካርድ አለ። ከአንበሳሜ ገና የለም። ለጊዜው እየተከራከርን ያለነው ቅዳሜ ገበያውን ይሁን ወይስ የሻይ ቤቱን ግድግዳ በሚለው ላይ ነው። ባለሻይ ቤቷ ግን ከወዲሁ ቁርጡን ነግረውናል፤ ፎቶው የፈለገው ይሁን፣ ስማቸው በትልቁ ይጻፋል።